የሸራ ጀልባ ገመድ፦ መሳቡስ ቀላል ነው

ባለፈው ሐምሌ፣ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ተገለበጥኩ። ነፋሱ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ጀልባዋም ደህና ነበረች። ጥፋተኛው ከትንሿ ጣቴ የማይወፍር አንድ ገመድ ነው። ጥብቅ አድርጌ ስቤው ነበር። ልልቀቀው ስል እምቢ አለኝ። ሸራው ነፋሱን እንደያዘ፣ እኔም ገመዱን እንደያዝኩ አብረን ውሃ ገባን። ዳር ቆሞ ሲያየኝ የነበረው ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ድረስ «ዋና ለመልመድ ጀልባ መግዛት ግዴታ አይደለም እኮ» ይለኛል።

እዚህ ከተማ ሐበሻው ብዙ ነው፣ ሐይቁም ብዙ ነው። ሁለቱ ግን እምብዛም አይተዋወቁም። ስለዚህ ጀልባዬን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ሁሉ ገመድ ምን ያደርጋል?» ጥያቄው ትክክል ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተተበተበ የልብስ ማስጫ ይመስላል። ቀረብ ብለው ካዩት ግን እያንዳንዱ ገመድ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ሥራውም ሁለት ጎን አለው፦ መሳብና መልቀቅ። ጀማሪ የሚጨነቀው ስለ መሳቡ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

መጀመሪያ ጀልባዋን ላስተዋውቃችሁ። ሌዘር ትባላለች። ብሩስ ከርቢ የሚባል ካናዳዊ የነደፋት ስትሆን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 ገበያ ላይ ወጣች። ከ2019 ወዲህ በይፋ ኢልካ ነው የምትባለው፤ ሰዉ ግን አሁንም ሌዘር ይላታል። ርዝመቷ 4.23 ሜትር፣ የባዶ አካሏ ክብደት 59 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው አንስቶ መኪና ጣሪያ ላይ ይጭናታል። የምትይዘው አንድ ሰው፣ የምትሸከመው አንድ ሸራ። ከ1996ቱ የአትላንታ ውድድር ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ አለች። ከ200,000 በላይ ስለተሠሩ አሮጌዋን በርካሽ ማግኘት ይቻላል። የእኔም ከነዚያ አንዷ ናት።

ለማስረዳት የመረጥኳት ራቁቷን ስለሆነች ነው። ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥሮ የሚይዝ ሽቦ የላትም። ሸራው እንደ ካልሲ ምሰሶው ላይ ይጠለቃል። ከሸራው ግርጌ ቡም የሚባል አግዳሚ ዘንግ አለ፤ በአንድ ጫፉ ምሰሶው ላይ ይሰካል፣ በሌላው ጫፉ የሸራውን የኋላ ማዕዘን ይይዛል። በቃ። ምሰሶውን የሚይዝ ነገር ስለሌለ፣ ገመድ በሳባችሁ ቁጥር ምሰሶው ይጎብጣል፣ ሸራውም መልኩን ይቀይራል። ገመዱ የሚያደርገው ነገር ወዲያው በዓይን ይታያል ማለት ነው።

ሸራ ነፋስ የሚገፋው ጨርቅ ብቻ አይደለም። ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ስትሄዱ እውነትም ይገፋዋል። ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ስትወጡ ግን ሸራው የሚሠራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው። ክንፍ ደግሞ ሆድ ያስፈልገዋል፤ ማለቴ ጉብ ያለ ቅርጽ። ሆዱ ትልቅ ሲሆን ጉልበቱ ይበዛል። ነፋሱ ሲበረታ ያ ጉልበት ለእናንተ ክብደት ስለሚበዛ ሆዱን ማጉደል አለባችሁ። ነፋሱ በጣም ሲደክም ደግሞ፣ ነገሩ ግር ቢልም፣ ሆዱን ትንሽ ማሳነስ ይጠቅማል። ደካማ አየር ትልቅ ጉብታ ዞሮ ለማለፍ አቅም ያንሰዋልና። እንግዲህ የገመዶቹ ሁሉ ጣጣ ይህ ነው፦ ሆዱ ምን ያህል ይሁን? የት ጋ ይሁን? የሸራው ጫፍስ ምን ያህል ይከፈት?

ዋናው ገመድ ከእጅ የማይለየው ነው። ጉዞው እንዲህ ነው። አንዱ ጫፉ ቡሙ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ጭራ ወርዶ አንድ ፑሊ ይዞርና እንደገና ወደ ቡሙ ጫፍ ይወጣል። ቡሙን ተከትሎ ወደ ፊት ይመጣል። መሃል ላይ ሌላ ፑሊ ዞሮ እግራችሁ ፊት ወዳለው ፑሊ ይወርዳል። ከዚያ እጃችሁ ላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ፑሊ በአንድ በኩል ብቻ የሚዞር ነው። ስትስቡ ጠቅ ጠቅ እያለ ይሄዳል፤ ገመዱ ወደ ኋላ ሲጎትታችሁ ደግሞ ይቆምና በፍትጊያ ያግዛችኋል። ብዙ ሌዘር ነጂ ይህን ገመድ የትም አያስረውም፤ በእጁ ነው የሚይዘው። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ጣትን ማላላት ብቻ ይበቃል። ጫፉ ላይ ግን የስምንት ቁጥር ቋጠሮ አትርሱ። ካልቋጠራችሁት አንድ ቀን ገመዱ በፑሊዎቹ ሁሉ ሾልኮ ይወጣና ሸራው ፊት ለፊት ሲውለበለብ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ።

ጭራዋ ላይ ያ የታችኛው ፑሊ የሚንሸራተትበት፣ በመሪው እጀታ ላይ እንደ ድንኳን የተወጠረ ሦስት ማዕዘን ገመድ አለ። ትራቬለር ይሉታል። እሱን እንደ ክራር ጅማት ወጥራችሁ እሰሩት። ከላላ ፑሊው መሃል ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ወደ ዳር አይሄድም።

አሁን ወደ እኔ ጠላት እንምጣ። ቫንግ ይባላል። ከቡሙ ተነስቶ ወደ ምሰሶው ግርጌ በሰያፍ ይወርዳል፤ ሥራው ቡሙን ወደ ታች መያዝ ነው። ለምን ያስፈልጋል? ዋናውን ገመድ ሙሉ በሙሉ ስትስቡት ቡሙ ከጀልባዋ በላይ ስለሚሆን ገመዱ ራሱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስታላሉት ግን ቡሙ ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ዋናው ገመድ የሚይዘው ወደ ጎን እንዳይሄድ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ እንዳይነሳ የሚከለክለው የለም። ቡሙ ሲነሳ የሸራው የላይኛው ክፍል እንዳልተዘጋ በር ወለል ይላል። ከላይ ያለው ነፋስ በከንቱ ያልፋል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ጀልባዋ ግራና ቀኝ እንደ ሰካራም ትወዛወዛለች። ቫንግ ይህን ነው የሚያስቆመው።

ነገር ግን አብዝታችሁ ከሳባችሁት ምሰሶው ይጎብጣል፣ ቡሙም ዝቅ ብሎ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ አቅጣጫ ቀይራችሁ ከነፋሱ ዞር ስትሉና ዋናውን ገመድ ስታላሉ፣ ጀልባዋ ትንሽ ስታዘነብል የቡሙ ጫፍ ውሃ ይነካል። ውሃው ቡሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሸራው ተከፍቶ ነፋሱን መልቀቅ ሲገባው ይዞት ይቀራል። ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ነፋሱን ስወጣ ቫንጉን ጥርቅም አድርጌ ነበር። ከመዞሬ በፊት ማላላት እንዳለብኝም አውቃለሁ። ሳብ አደረግኩ፣ ወደ ላይ ነጠቅ አደረግኩት፣ ገመዱ ግን ከያዘው ነገር ላይ አልላቀቅ አለ። ለምን እንዳልለቀቀ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሌሎቹ ሁለቱ ቀለል ይላሉ። ካኒንግሃም ከቡሙ በላይ፣ ምሰሶው አጠገብ ባለ የሸራ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ የሸራውን የፊት ጠርዝ ወደ ታች ይጎትታል። ስሙ የመጣው ከብሪግስ ካኒንግሃም ነው። ይህ ሰው በ1958 ኮሎምቢያ የምትባለውን ጀልባ እየመራ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ያሸነፈ አሜሪካዊ ነው። ይህን ገመድ ስትስቡ የሸራው ሆድ ወደ ፊት ይመጣል፤ የኋላው ጠርዝ ከላይ ይከፈትና ትርፉን ነፋስ ያፈሳል። ክብደቱ ቀላል ለሆነ ሰው ዋና መዳኛው ይህ ነው። አውትሆል ደግሞ የሸራውን የታች ጠርዝ በቡሙ ላይ ወደ ኋላ ይወጥራል። ስትስቡት የታችኛው ሆድ ይሰልላል፣ ስታላሉት ይሞላል። እኔ በእጄ ነው የምለካው፦ በሸራውና በቡሙ መሃል ያለው ክፍተት ወደ ነፋስ ስወጣ አንድ ጋት ከምናምን፣ ከነፋስ ጋር ስወርድ አንድ ስንዝር ቢጠጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውትሆሉን ብትለቁት እንኳ ሸራው ራሱን ወደ ፊት ላይመልስ ይችላል። ጨርቁ ገመዱን በየፑሊው ሁሉ መልሶ የሚጎትትበት ጉልበት የለውም፣ በተለይ ነፋስ ሲደክም። ለዚህ ሲባል ሰው ከሸራው የኋላ ማዕዘን ወደ ፊት የሚስብ ላስቲክ ያስራል። እናንተ ለመሳብ ገመድ አላችሁ፣ ጀልባዋ ለመመለስ ላስቲክ አላት። ይህች ላስቲክ ዋጋዋ ከቡና አይበልጥም፤ ያለ እሷ ግን ገመዱ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

አሁን ስለ ፑሊ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ካመላለሳችሁ ጉልበታችሁ በሁለት ይባዛል፣ አራት ጊዜ ከሆነ በአራት። በምትኩ አንድ ጋት ለማጥበቅ አራት ጋት መሳብ አለባችሁ። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ያልተነገረን የፍትጊያውን ነገር ነው። እያንዳንዱ ፑሊ ከጉልበታችሁ ከመቶ አሥር እጅ ይበላል እንበል። አራት እጥፍ በሚያደርግ አሠራር 10 ኪሎ ብትስቡ መጀመሪያ የሚደርሰው 9 ነው፣ ቀጥሎ 8.1፣ ከዚያ 7.3፣ ከዚያ 6.6። ሲደመር 31 ነው። 40 ጠብቃችሁ 31 አገኛችሁ። ቀሪው የት ገባ? ፑሊው በላው።

ይህ ስትስቡ ነው። ስትለቁ ደግሞ ያው ፍትጊያ ዞሮ ይመጣል፤ ገመዱ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ስለዚህ «አልሳብ አለኝ፣ አንድ ፑሊ ልጨምር» የሚለው መፍትሔ ብዙ ጊዜ መሳቡን አቅልሎ መልቀቁን ያበላሻል። ከመጨመራችሁ በፊት ያሉት ይዞሩ እንደሆነ እዩ። ውስጣቸው ትንንሽ ኩሽኔታ ያላቸው ፑሊዎች ቀለል ብለው ይዞራሉ። አሸዋ የገባባቸው ግን ከድንጋይ አይሻሉም፤ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ብቻ ብዙ ጊዜ ያድናቸዋል። ድሮ የሌዘር ሕግ ፑሊ መጨመር ስለሚከለክል፣ ተወዳዳሪዎች ገመዱን በገመድ ቀለበት ውስጥ እያሾለኩ ነበር ጉልበት የሚያበዙት። ገመድ በገመድ ላይ ሲፈትግ አስቡት። በኋላ ሕጉ ላላና ፑሊ ተፈቀደ፤ ያኔ ቀላል ሰውነት ያላቸውም ጠንካራ ነፋስ ላይ እኩል መሥራት ቻሉ።

ገመዱን ስባችሁ ስትጨርሱ የሚነክስላችሁ ዕቃ ክሊት ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው በብዛት ያለው። አንደኛው ሁለት ጥርሳም መንጋጋ በስፕሪንግ የሚገጥሙበት ነው። ገመዱ ወደ እናንተ ሲመጣ ይከፈታሉ፣ ሊመለስ ሲል ይነክሱታል። ለመልቀቅ ትንሽ ሳብ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው፣ ውስጡ ባለ ጥርስ የሆነ ጠባብ ቦይ ነው። ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ወደ ቦዩ ጥልቅ ይገባል። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፤ ግን ልኩን ያልጠበቀ ገመድ አይወድም።

የእኔ ቫንግ ይህ ሁለተኛው ነበረው። ገመዱን የቀየርኩት እኔው ነኝ፤ «ወፍራም ይሻላል፣ እጅ አይቆርጥም» ብዬ። ያ ወፍራም ገመድ ቦዩ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ተቀረቀረ። ሥዕሉ ገባችሁ? ጥንካሬ ጨመርኩ ብዬ ልጓሙን ቆለፍኩት። ክሊት ላይ የሚመጥነው የገመድ ውፍረት ከ እስከ ተብሎ ይጻፋል። አንብቡት።

የክሊቱ አቀማመጥም ሌላ ጣጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ሳይሆን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጋላችሁ፣ አንድ እጅ መሪ ላይ ሆኖ ነው የምትስቡት። ዴኩ ላይ (የጀልባዋን የላይኛ ገጽ ማለቴ ነው) ተኝቶ የተገጠመ ክሊት ከዚያ ቦታ ሆናችሁ አይነክስም፣ ገመዱ ከላዩ ያልፋል። ከመጠን በላይ ቀና ካደረጋችሁት ደግሞ ይነክስና አይለቅም። ስለዚህ ከመብሳታችሁ በፊት በቴፕ ለጥፋችሁ፣ ጀልባዋን ሳር ላይ አድርጋችሁ፣ ጠርዟ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩት። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ስለ ገመዱ ዓይነት ብዙ አልልም። ናይሎን ይለጠጣል፤ ለመልሕቅ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸራችሁ ቅርጹን ይቀይርባችኋል። ፖሊስተር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ዳይኒማ የሚባለው ቀጭን ሆኖ በጣም ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ግን ሙልጭልጭ ነው። ሌላ ገመድ ላይ የማይፈታ ቋጠሮ እሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ክሊትም ላይ ይሾልካል። ለዚህ ነው እጅና ክሊት የሚነካውን ክፍል ፖሊስተር ልባስ የሚያለብሱት፤ ፑሊ ውስጥ የሚያልፈውን ደግሞ ልባሱን ገፈው ቀጭን ያደርጉታል። የቀለሙ ነገር ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ቀይ ቫንግ፣ ሰማያዊ አውትሆል ካላችሁ ውሃ ፊታችሁን ሲመታችሁ አትሳሳቱም።

የመጨረሻው ነገር ሰው የሚረሳው ነው፦ ይህ ሁሉ ጉልበት የት ያርፋል? አንድ ገመድ 50 ኪሎ ተወጥሮ ፑሊ ላይ ዞሮ በመጣበት ቢመለስ፣ ፑሊው የሚሸከመው 100 ኪሎ ነው። ቀጥ ባለ ማዕዘን ከታጠፈ ደግሞ 70 ገደማ። ያንን ፑሊ የያዘው ሁለት ቪቴ ሊሆን ይችላል። የጣና ታንኳ ይህ ጭንቀት የለባትም፤ ደንገሉን የያዘው ማሰሪያው ራሱ ነው፣ ብሎን የሚባል አታውቅም። የፋይበር ጀልባ ግን ስስ ቅርፊት ናት። ቪቴ ወደ ጎን ሲጎትቱት ጠንካራ ነው፤ ወደ ላይ ሲነቅሉት ግን ደካማ። የእኔ ጀልባ ትራቬለር የሚያልፍበት ቀለበት ጭራዋ ላይ አንድ ቀን ቡፍ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። የቀድሞው ባለቤት ላልቶበት ወፈር ያለ ቪቴ ከትቶ፣ በሲሊኮን አጥግቦት ኖሯል። ሲሊኮን ውሃ ይከላከል ይሆናል፣ ጉልበት ግን አይሸከምም። ይባስ ብሎ የነካው ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ ሌላ ማጣበቂያ አይዝም።

ትክክለኛው መንገድ ብሎን ከላይ እስከ ታች አሳልፎ፣ ከስር ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ቁራጭ አድርጎ በዳዶ ማሰር ነው። ጉልበቱ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ሌዘር ላይ ግን ከስር እጅ የሚገባበት የለም፤ ድፍን ናት። ስለዚህ ሰው ዴኩ ላይ ክብ ቀዳዳ ይቆርጥና እንደ ማሰሮ ክዳን በሚጠመዘዝ መዝጊያ ይገጥመዋል። እኔም ፈርቼ ፈርቼ ቆረጥኩት። ጀልባ ላይ በፈቃድ ቀዳዳ መክፈት ለሐበሻ አእምሮ ይከብዳል።

ሌላ ጉዳይ ውሃ ነው። ብዙ ዴክ ሁለት ስስ የፋይበር ንብርብር ሆኖ መሃሉ ፎም ወይም ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው። በብሎኑ ቀዳዳ ውሃ ከገባ መሃሉ ይበሰብሳል፤ ላይ ላዩ ሳይታወቅ ስትረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሆናል። መከላከያው እንዲህ ነው። ቀዳዳውን ከልኩ በላይ በትራፓኖ ትበሳላችሁ፣ በኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠጥር ሙጫ ነው) ትሞሉታላችሁ። ሲደርቅ መሃሉን በልኩ መልሳችሁ ትበሳላችሁ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በደረቀ ኢፖክሲ ውስጥ ስለሆነ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የቀዳዳውን አፍ ትንሽ ሰፋ አድርጉት፤ ማሸጊያው ብሎኑ አንገት ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል። ስታጠብቁ ብሎኑን ከላይ በካቻቢቴ ይዛችሁ ዳዶውን ብቻ አዙሩ። ብሎኑን ካዞራችሁት ማሸጊያውን ትፈጩታላችሁ።

ምሰሶና ቡም ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ስቴንለስ ብረትና አሉሚኒየም ጨው ባለበት ውሃ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ዋሽንግተን ሐይቅ ጨው የለበትም፤ ፒውጄት ሳውንድ ግን ባሕር ነው። እዚያ የምትወርዱ ከሆነ በሁለቱ መሃል መለያ ቅባት አድርጉ፣ ስትመለሱም እጠቡ።

አሁን ከመውጣቴ በፊት የማደርገው ነገር አለ። ጀልባዋን ጓሮ ሳሩ ላይ አድርጌ ሸራውን እሰቅላለሁ። ሦስቱንም ገመዶች እስከ መጨረሻ ስቤ ክሊቱን አስነክሳቸዋለሁ። ከዚያ በአንድ እጅ፣ አንድ በአንድ እለቃለሁ። ቫንጉ አሁን ወዲያው ይለቃል፤ ቀጭኑን ገመድ መልሼለታለሁ። ካኒንግሃሙም ደህና ነው። አውትሆሉ ግን አንድ ጋት ያህል ሲቀረው ይቆማል። ላስቲኩን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቡሙ ጫፍ ላይ ያለው የአውትሆል ፑሊ ይመስለኛል፤ በጣቴ ሳዞረው ይንቋቋል። ቅዳሜ አወርደዋለሁ።